ጥቁረቱም ብር ነው፦ ስለ ጌጣጌጥ የቤት ውስጥ አጸዳድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጌጥ በአገራችን ለውበት ብቻ የሚደረግ ነገር ሆኖ አያውቅም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን አልቦው፣ አምባሩ፣ ድሪውና ወለባው የቤተሰብ ጥሪት ማስቀመጫ ነበር። በክፉ ቀን ተመዝኖ ይሸጣል፤ በደኅና ቀን ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በመሆኑም የጌጥ ጽዳት ሲነሣ የሚነሣው የማብለጭለጭ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሀብት አጠባበቅም ጉዳይ ነው። ጥሪት በሌባ ብቻ አይጎድልም፤ በፈትጎ ማጽዳትም ይጎድላል።

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ጎርጎራና አካባቢዋ በ17ኛው መቶ ዘመን የዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫ የነበሩ ሲሆን፣ በሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያምም የምትገኘው በዚሁ ዳርቻ ነው። እንዲህ ባለው አገር በየቤቱ ሙዳይ ውስጥ የአያት የብር መስቀል፣ የአንገት ድሪ ወይም የኩክ ማውጫ ቢገኝ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የሐይቅ ዳር አየር ለብር አይመችም። እርጥበት አለበት፤ ደንገልና ሌላም የውኃ ተክል በሚበሰብስበት ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። የኩበት ጢስም ከዚሁ ከድኝ ወገን የሆነ ጋዝ ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል።

ለመሆኑ ብር ለምን ይጠቁራል? ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ብረት ዝገት ይቆጥረዋል። ብረት የሚዝገው በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ነው። ብር ግን በተራው ሙቀት ኦክሲጅን እምብዛም አያሸንፈውም፤ የሚያጠቁረው ድኝ ነው። በጌጡ ገጽ ላይ የሚታየው ጥቁር ስስ ሽፋን የብርና የድኝ ውሕድ፣ ማለትም የብር ሰልፋይድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከዚህ ውሕድ 100 ግራም ቢወሰድ 87 ግራም ያህሉ ራሱ ብር ነው። እንግዲህ ጥቁረቱ በብሩ ላይ ከውጭ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን ልብሱን የለወጠ ብር ነው ማለት ይቻላል። ፈትጎ የሚጥለው ሰው ቆሻሻ የጣለ ይመስለዋል እንጂ የሚጥለው ብሩን ነው።

የአገራችን የብር ጌጥ ብዙው የተሠራው ጠገራ ብር እየቀለጠ መሆኑ የታወቀ ነው። ጠገራ ብር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። አንጥረኛው ሌላ ብረት ካልጨመረበት በቀር፣ ከአምስት ጠገራ ብር የተሠራ አልቦ 140 ግራም ያህል መዝኖ 117 ግራም ንጹሕ ብር ይይዛል። በአንገትና በእጅ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ምልክት የሚመጣውም ላብ መዳቡን ሲነካው ነው። ስለዚህ ጌጡ አረንጓዴ አወጣ ተብሎ ብር አይደለም ማለት ስሕተት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በየቤቱ የተለመዱትን ዘዴዎች መመርመር ይገባል። በመጀመሪያ የሚነሣው አመድ ነው። አመድ ቅባት ያነሣል፤ ነገር ግን ምንም ቢነፋ ከምድጃ የመጣ አሸዋ አይጠፋውም። የአሸዋ ጥንካሬ በሞህስ ልኬት 7 ሲሆን የብርና የወርቅ ከ2.5 እስከ 3 ነው። በአመድ የተፈተገ መስቀል በዕለቱ ያበራል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሐረጉ ይደበዝዛል፣ የተቀረጸው ስም ይጠፋል። የጥርስ ሳሙናም መጠኑ ይነስ እንጂ ሥራው ያው መፋቅ ነው። ሎሚ በበኩሉ የመዳቡን አረንጓዴ ያነሣል፤ ዋናውን ጥቁረት ግን እምብዛም አይነካውም። በሎሚና በአመድ ጸዳ ሲባል ምስጋናው የሎሚው ቢሆንም የፋቀው አመዱ ነው። በረኪና ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ብርንም ዝቅተኛ ካራት ያለውን ወርቅም ይበላል።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር እንደ ጌጡ ዓይነት ይለያያል።

አንደኛ፣ ወርቅ። ንጹሕ ወርቅ፣ ማለትም 24 ካራት፣ አይጠቁርም። ባለ 18 ካራት ወርቅ ከ100 እጅ 75ቱ ብቻ ወርቅ ስለሆነ በውስጡ ያለው መዳብና ብር ሊያደበዝዘው ይችላል። ያም ሆኖ ወርቅን የሚያደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ላብ፣ ሳሙናና ቅባት ነው። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አድርጎ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨምሮ፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማሸትና በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ማድረቅ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ድንጋይም ልባጥም የሌለበት ብር። በቅድሚያ ቅባቱ በሳሙና ይታጠባል፤ በተለይ ፀጉር ላይ የሚሰካው ወለባ ቅቤ ስለሚይዝ ይህ አይዘለልም። ከዚያም በሸክላ ወይም በብርጭቆ ሳሕን ውስጥ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፎ ጌጡን ወረቀቱን እንዲነካ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ይፈስስበታል። በጎርጎራ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለሥራው በቂ ነው። ሶዳው የአሉሚኒየሙን መከላከያ ሽፋን ያነሣል፤ አሉሚኒየሙም ድኙን ከብሩ ይነጥቃል፤ ብሩ በቦታው ይቀራል። የእንቁላል ሽታ ቢመጣ ሥራው መከናወኑን ያመለክታል፤ መስኮት መክፈት ግን ተገቢ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጌጡ ታጥቦ ይደርቃል። ከፍተጋ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ብሩን ይመልሳል እንጂ አይወስድም።

ሦስተኛ፣ በወርቅ የተለበጠ ብር። ልባጡ እጅግ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ፍተጋ ይገፈዋል። ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል። አንጥረኛው ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ብሎ ያጠቆረው ጌጥም በሶዳና በአሉሚኒየም አይነከርም፤ የተፈለገው ጥቁረት አብሮ ይጠፋልና።

አራተኛ፣ ዛጎል፣ ሉልና ዐምበር። ዛጎልና ሉል የኖራ ወገን ስለሆኑ ሎሚና ኮምጣጤ ያሟሟቸዋል። ከጥንት ዛፎች ሙጫ የተፈጠረው ዐምበር ደግሞ አልኮልና ሙቀት ይጎዱታል። እነዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው ወዲያው ይደርቃሉ። ክሩ የረጠበ እንደ ሆነ ስለሚበሰብስ መዘፍዘፍ አይገባም፤ ያረጀ ክርና ማተብ ከማጠብ መለወጥ ይሻላል።

በእንዶድ አረፋ ማጠብ ለሚያስብም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የዚህን ተክል ኃይል ለዓለም አሳወቁ። ያው ኃይል ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ወደ ጣና አይደፋም።

ከጽዳት ይልቅ አቀማመጥ ይበልጣል። ብር በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ከጢስ ርቆ ይቀመጥ። ሱፍና ላስቲክ በውስጣቸው ድኝ ስላለ መጠቅለያ አይሆኑም። አዘውትሮ የሚደረግ ጌጥም ከልብስና ከገላ ጋር እየተሻሸ ስለሚወለወል፣ ተቀምጦ ከኖረው ያነሰ ይጠቁራል።

የቤተ ክርስቲያን መስቀልና በቅርስነት የተያዘ ዕቃ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ሥራ በሚመለከተው ባለ ሥልጣን ፈቃድ እንዲሠራ ያዝዛል፤ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ፍተጋም የዘመኑን ምልክት ከማጥፋት አይመለስም።

በመጨረሻም አንድ ቀላል ልማድ ቢለመድ ይጠቅማል። ጌጥ ወደ አንጥረኛ ከመሄዱ በፊት በትክክለኛ ሚዛን ይመዘን፤ ሲመለስም እንደገና ይመዘን፤ ቁጥሩም ከቀኑ ጋር ተጽፎ በሙዳዩ ውስጥ ይቀመጥ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ልጅቱ ከእናቷ የምትወርሰው ከነክብደቱና ከነቅርጹ ይሆናል፤ የጎደለ ነገር ቢኖርም መቼና በማን እጅ እንደ ጎደለ ይታወቃል።