የሚቀባ የጠጉር መድኃኒትና የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ኃላፊነት

ለማኅበሩ አባላት የተዘጋጀ ንግግር



ከሳሪስ አልፎ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተዘረጋው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ሠራተኛ ቤቱ ሳይደርስ ጐራ ከሚልባቸው ስፍራዎች አንዱ መድኃኒት ቤት ነው። ለራስ ምታት ወይም ለጨጓራ መድኃኒት ሲሻ በግልጽ ይጠይቃል። የጠጉሩን መሳሳት የሚያነሣው ግን ሰው መኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የሚያፍር ሰው ብዙ አይጠይቅም፤ ብዙ ያልጠየቀም ብዙ ሳያውቅ ይሄዳል። ጠጉር ቢረግፍ ነፍስ አይጠፋምና ጉዳዩ እንደ ቀላል ይታያል። ራስ ላይ የሚቀባው ፈሳሽ ግን መድኃኒት እንጂ ቅባት አይደለም።

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው ሚኖክሲዲል ነው። ታሪኩ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲፈቀድ በአፍ የሚወሰድ የከባድ ደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የወሰዱት ሕሙማን በፊታቸውና በክንዳቸው ላይ ጠጉር በቀለባቸው። ይኸው ያልተፈለገ ውጤት ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባለ 2 በመቶው ፈሳሽ ለራሰ በራነት ተፈቀደ። እንግዲህ የዛሬው የጠጉር መድኃኒት የትናንቱ የጐንዮሽ ጉዳት ነው ማለት ነው። የደም ሥርን የማስፋት ጠባዩንም ይዞት መጥቷል።

ይሁን እንጂ ፍርሃትም ልክ ሊኖረው ይገባል። ባለ 5 በመቶውን ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር የሚቀባ ሰው 100 ሚሊ ግራም መድኃኒት ራሱ ላይ ያሳርፋል። ጤነኛ ከሆነ የራስ ቆዳ ወደ ደም የሚገባው ከዚህ 1.4 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለደም ግፊት ግን በቀን ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በአብዛኛው ተጠቃሚ ላይ ልብን የሚነካ ጉዳት አይታይም። ስሌቱ የሚጸናው ግን ቆዳው ጤነኛ፣ መጠኑም የታዘዘው ሲሆን ብቻ ነው። በጠጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተቃጠለ፣ የቆሰለ ወይም የተላጠ ቆዳ መድኃኒቱን አብዝቶ ያስገባል። «ቶሎ እንዲያበቅል» ብሎ እጥፍ የሚቀባም እንዲሁ ነው። የልብ ትርታ መፍጠን፣ ማዞር፣ የደረት ሕመም፣ የእጅና የእግር እብጠት ሲታይ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ማሳከክና መቅላት ነው። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን የሟሟበት ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ተጠቃሚውን «መድኃኒቱ አልተስማማህም» ብሎ አያሰናብተውም፤ ይህ ፈሳሽ የሌለበት የአረፋ ዓይነት መኖሩን ያስረዳዋል። ፈሳሹም ሆነ አረፋው አልኮል አለበት፤ እስኪደርቅ ድረስ ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራና ከብየዳ ፍንጣሪ መራቅ ያስፈልጋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የብረታ ብረት ሥራ በበዛበት በአቃቂ አካባቢ ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላው ተጠቃሚን የሚያስደነግጠው፣ በጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጠጉሩ ከበፊቱ ብሶ መርገፉ ነው። ይህ የሚሆነው በዕረፍት ላይ የነበረውን አሮጌ ጠጉር አዲሱ ገፍቶ ስለሚያወጣው ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱን ወርውሮ፣ ምንነቱ ወደማይታወቅ ቅይጥ ይሄዳል። የተነገረው ግን አራት ወር ያህል ይታገሣል። ካቆመ የበቀለው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚረግፍም ከመግዛቱ በፊት ማወቅ መብቱ ነው።

ጉዳቱ በተጠቃሚው ላይ ብቻ የሚቀርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በእስፓኝ የናቫራ የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ማዕከል፣ አባቱ ሚኖክሲዲል የሚቀባ ሕፃን ሰውነቱ ጠጉር እንዳበቀለ ተገነዘበ። መዛግብት ሲመረመሩ በአውሮፓ ተመሳሳይ ሕፃናት ተገኙ። በ2024ም የአውሮፓ መድኃኒት ድርጅት ኮሚቴ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። እኛ ዘንድ ልጅ በእንኮኮ ሲሆን የአባቱን ራስ አቅፎ ይይዛል፤ በእናቱ ጀርባ ሲታዘልም ፊቱ ማጅራቷን ይነካል። ስለሆነም «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መምጣት አለበት። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናትም ልትጠቀምበት አይገባም።

ከማይታወቁ ቅይጦችም መጠንቀቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በቅመማ የተዘጋጀ የሚቀባ ፊናስተራይድን በሚመለከት ከ2019 እስከ 2024 32 የጉዳት ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታውቋል። የመንፈስ ጭንቀትና የወሲብ ስንፈት ከተጠቀሱት መካከል ናቸው። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የላከው ጠርሙስ ሲመጣ፣ ይዘቱን ሳያነቡ ስለ አጠቃቀሙ መምከር አደገኛ ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን መድኃኒቱን ለማይመለከተው በሽታ መስጠት ነው። የልጅ ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ሆኖ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይሻል፤ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ብርቱ ስቴሮይድ ቢቀባበት መልኩን ይደብቃል እንጂ አይድንም። ክብ ክብ እየሆነ የሚረግፈው ላሽም ሌላ ሕክምና አለው። በሹሩባ መጠበቅ ከግንባሯ ዳር የተመለጠች ሴት፣ ሹሩባውን ሳታላላ ዓመት ሙሉ ብትቀባ ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ሳይጠፋ ሊድን ይችል የነበረውን ጠጉሯን ታጣለች። እነዚህን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም ወደ አለርት የቆዳ ሕክምና ክፍል መላክ ሽያጭ ማጣት ሳይሆን ሙያን ማክበር ነው።

በመጨረሻም፣ የናቫራው ማስጠንቀቂያ የጀመረው በአንድ ሕፃን ጉዳይ መሆኑ ልብ ይባል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚሁ ያዘጋጀው ቢጫ ቅጽ አለ፤ 8482 የተባለው ነፃ የስልክ መስመርም አለ። በአቃቂ ቃሊቲ የአንድ ሠራተኛ ራስ ቢቆስል፣ የአንዲት እናት ልብ ቢመታ፣ ይህ ካልተጻፈ በአገር ደረጃ እንዳልሆነ ይቆጠራል። በኀፍረት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀውን ሰው ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር፣ ያየውንም ጉዳት መዝግቦ ማስተላለፍ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ድርሻ ነው።