መቶ አለቃ ሳንቲኖና እኛ



እኛ የአትላስ ሰፈር ልጆች አንድ ቅዳሜ ከጓደኛችን ቤት ተሰብስበን፥ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ሮጀር ራቢትን ማን ወነጀለው?» የተባለውን ሲኒማ ተመለከትን። በሎስ አንጀለስ ከተማ ሰዎችና የካርቱን ፍጥረታት አብረው የሚኖሩበት የምናብ ዓለም ነው። በጥንቸሉ በሮጀር ብዙ ሳቅን። ዛሬ የምንናገረው ግን ማንም ልብ ስለማይለው የፖሊስ መርማሪ፥ ስለ መቶ አለቃ ሳንቲኖ ነው።

አክሚ የተባለ ባለጸጋ ካዝና ራሱ ላይ ተጥሎበት ይሞታል፤ ጥንቸሉም ይጠረጠራል። ዱም የሚባለው ዳኛ ምስክር ሳይሰማ ለመቅጣት ይቸኩላል። ተርፔንታይንና አሴቶን ካለበት ፈሳሽ ውስጥ አንዲት ምንም ያላጠፋች የካርቱን ጫማ በሰው ፊት ነክሮ ያሟሟታል። ሳንቲኖ እዚያው ቆሟል። ፈሳሹ ከምን እንደ ተቀመመ ያውቃል፤ ዳኛው ሹመቱን በገንዘብ እንደ ገዛም ያውቃል። ይህንኑ ለወዳጁ ለኤዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረዋል፤ ዳኛውን ግን አያስቆመውም። ነፍሰ ገዳዩ ራሱ ዳኛው ሆኖ ሲገኝ፥ ሳንቲኖ የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ነው ለማለት አንደፍርም፤ እንዲያውም ደግ ይመስላል።

ይህን ስንከራከር የሰሙት የጓደኛችን አያት ስለ ሌባሻይ አጫወቱን። በጥንት ዘመን ሌባሻዩ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣና ወገቡን አስሮ ይከተለዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ከኋላ የሚከተለውም ሕዝብ ብዙ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ይህን አጥንተን በፈተና ጽፈነዋል።

ባለፈው ዓመት የአንዲት ተማሪ የእጅ ስልክ ጠፋና፥ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ልጁ በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ኳስ ሲጫወት ነበር። እርስ በርሳችን ተንሾካሾክን እንጂ፥ የሌባ ተከራካሪ እንዳንባል ፈርተን ለመምህሩ አልነገርንም። ስልኩ በሦስተኛው ቀን ከባለቤቲቱ ቤት ተገኘ።

ልጁ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጧል። ይህን ጽሑፍ አስቀድመን ብናሳየው፥ «ጮክ ብላችሁ አንብቡት» ብሎናል።