የጠፉ ትናንሽ አይሮፕላኖችን ስለ መፈለግ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል ቀን ስለ ምን እንናገር ብለን ስንመካከር፣ አንዳንዶቻችን ስለ ሮኬት፣ አንዳንዶቻችንም ስለ ጨረቃ ይሁን ብለን ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ነው። ሁለት ወይም አራት ሰው የሚይዝ ትንሽ አይሮፕላን ተነሥቶ ካሰበበት ሳይደርስ ሲቀር፣ ማን ይፈልገዋል? እንዴትስ ይፈልገዋል?

በእኛ አገር ሰው ገደል ገባ፣ ከብት ጠፋ ሲባል እሪ ይባላል። የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ደመወዝ የሚጠይቅ የለም። በአሜሪካ አገር ይህንኑ በአይሮፕላን የሚያደርግ ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባል ማኅበር አለ። የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ነው፤ ይኸውም ጃፓኖች ፐርል ሃርበርን ከመደብደባቸው ከ6 ቀን በፊት መሆኑ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አባሎቹ በገዛ አይሮፕላኖቻቸው የባሕሩን ጠረፍ እየዞሩ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ይከታተሉ ነበር። በ1948 ማኅበሩ የአየር ኃይሉ ረዳት እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። አባሎቹ በሥራ ቀን አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ መካኒክ ሆነው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ልጆችንም ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በዕጩነት ይቀበላል። ይህን ስናነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናን።

በፍለጋ አይሮፕላን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሰዎች ይሳፈራሉ። አብራሪው ዓይኑን ከመንገዱ አያነሣም፤ ከጎኑ ያለው ካርታውንና ራዲዮውን ይይዛል፤ ከኋላ የተቀመጠው መሬት መሬቱን ብቻ ያያል። አገሩ በካርታ ላይ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ አንዱ ክፍል ለአንድ አይሮፕላን ይሰጣል። አይሮፕላኑም ከመሬት 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ገበሬ ማሳውን በትልም እንደሚያርስ፣ ወዲያና ወዲህ ይመላለስበታል። ሙሉ አይሮፕላን አያለሁ ብሎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አያይም። የሚታየው ጫፉ የተሰበረ ዛፍ፣ የተቃጠለ ሣር፣ ወይም ከሩቅ የተጣለ ወረቀት የሚመስል ነጭ ነገር ነው። ዓይንም ሳያርፍ የሮጠ እንደሆነ አያስተውልም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቆም፣ ወደሚቀጥለው ዘለል እያለ እንዲያይ ይለማመዳሉ።

ይህን አንብበን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ይመስለን ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ሞከርነው። ከአባሎቻችን አንዱ የእናቱን ነጠላ አምጥቶ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ በቁጥቋጦ መካከል ዘረጋው። (እናቱ ዛሬ ከመካከላችሁ ስላሉ፣ እሾህ ስለነካው ጥለት ይቅርታቸውን እንለምናለን።) እኛም ኮረብታውን በወረቀት ላይ በ9 ክፍል ሥለን፣ ከወዲህኛው ጉብታ ላይ ሆነን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 5 ደቂቃ መድበን ተመለከትን። አይቶ የጨረሰ ሁሉ ክፍሉን በቀይ እርሳስ ይሰርዛል። በመጨረሻ ዘጠኙም ክፍሎች ተሰረዙ፤ ነጠላው ግን አልተገኘም።

የዘረጋው ልጅ ሄዶ ሲያነሣው ሁላችንም አየነው። በ4ኛው ክፍል ውስጥ፣ ነጣ ባለ ደረቅ ሣር ላይ ነበር። 4ኛውን የሰረዘው ጓደኛችን «አላየሁም» ማለት ሲገባው «የለም» ብሎን ነበርና ሳቅንበት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መጠያየቅ ጀመርን። ከመካከላችን ሦስት ልጆች 5ቱ ደቂቃ ሳይሞላ መሰረዛቸውን ተናዘዙ። ከሦስቱም አንዱ ይህን ንግግር ከጻፉት ነው። ከነጠላው አጠገብ የቆሰለ ሰው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀይ ጭረት ምክንያት ማንም ተመልሶ አያየውም ነበር።

የሠለጠኑት ፈላጊዎች ይህን አደጋ ስለሚያውቁ፣ አንድን ክፍል በርረው ሲመለሱ «የለም» ብለው አይጽፉም። አይሮፕላኑ እዚያ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ሊታያቸው ይችል እንደነበር ይገምታሉ። በሜዳ ሣር ላይ ግምቱ ከፍ ይላል፤ በደንና በገደል ላይ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለበት ክፍል እንደገና ይበረርበታል።

እንዲያም ሆኖ ሊያመልጥ ይችላል። ስቲቭ ፎሴት በ2002 ብቻውን ያለማቋረጥ በባሉን ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ነው። ይኸው ሰው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2007 ከኔቫዳ በአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ተነሥቶ ሳይመለስ ቀረ። ብዙ አይሮፕላኖች ተሰማሩ፤ በየቤታቸው ተቀምጠው ከሳተላይት የተነሡ ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት የመረመሩ ሰዎችም ነበሩ። በአይሮፕላኗ ላይ የምልክት ራዲዮ ነበረ፤ ድምፁን ግን የሰማ አልተገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ይሄድ የነበረ አንድ እግረኛ የፎሴትን መታወቂያዎች አገኘ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ስብርባሪው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተገኘ።

ስለዚህ ራዲዮ ጥቂት እንጨምር። ኦክቶበር 16 ቀን 1972 ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባሎች፣ ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች፣ አላስካ ውስጥ በትንሽ አይሮፕላን ሲሄዱ ጠፉ። 39 ቀን ተፈልገው እስከ ዛሬ አልተገኙም። በእነዚያ ዓመታት አይሮፕላን ሲወድቅ በራሱ የሚጮህ ራዲዮ በአሜሪካ ግዴታ ሆነ። በ1982 ደግሞ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቭየት ኅብረት ይህን ጩኸት በሳተላይት ማዳመጥ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በካናዳ የወደቁ 3 ሰዎች ዳኑ። በምድር የጠላትነት ጊዜ ነበር፤ በሰማይ ግን አብረው ያዳምጡ ነበር።

ከጩኸቱ አብዛኛው ሐሰት ነው፤ አይሮፕላን ጠንከር ብሎ ሲያርፍም ራዲዮው ይነሣል። ፈላጊዎቹ ግን በሌሊትም ቢሆን ይወጣሉ። በእግሩ የሚፈልገው ሰው መቀበያውን ደረቱ ላይ ይዞ በቆመበት ቀስ ብሎ ይዞራል። ድምፁ እጅግ ሲደክም፣ ሰውነቱ በመካከል ገብቶ ጋርዶታልና፣ የሚጮኸው ራዲዮ በጀርባው በኩል ነው ማለት ነው።

በአገራችንም ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድና 15 ሌሎች ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ሲበሩ ጠፉ። ያንን ፍለጋ የመሩት መንግሥታት እንጂ በጎ ፈቃደኞች አልነበሩም። ስብርባሪው የተገኘው በ6ኛው ቀን ነው፤ የተረፈ ሰው አልነበረም። የነሐሴን ደመናና የምዕራቡን ደን የሚያውቁ አባቶቻችን ስድስት ቀን ለምን እንደፈጀ ከእኛ ይበልጥ ሊነግሩን ይችላሉ።

እኛ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮረብታውን እንደገና እንፈልጋለን። ነጠላውን ማን እንደሚዘረጋው አልተነገረንም። ቀዩን እርሳስ አስቀርተን፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ስንት ደቂቃ አየህ? ምን ጋረደህ?» የሚል ዓምድ ጨምረንበታል።