ጨዋታው አቻ ሲሆን

ወገኖቼ፥ እዚህ ፎንቆ ኳስ ስናይ ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል ጩኸት ይነሣል። ግማሹ «ዳኛ፥ ሰዓት ሞልቷል!» ይላል። ግማሹ «ገና ነው!» ይላል። በዚህ የተነሣ ጎረቤታሞች ተኳርፈው ይለያያሉ። ለመሆኑ ሰዓቱ የማን ነው?

ሰዓቱ የመሐል ዳኛው ነው። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ዳሩ ግን ተጫዋች ሲጎዳ፥ ሲቀየር ጊዜ ይባክናል። ዳኛው የባከነውን መዝግቦ መጨረሻ ላይ ይጨምራል። አቻ መውጣት የሚበቃው ቡድን አውቆ መሬት ላይ ይተኛል። ዳኛው ቢጫ ካርድ ያሳየዋል፤ የተኛበትንም ደቂቃ ይጨምርበታል። ምን አተረፈ? የፍጹም ቅጣት ምት ከተሰጠ ደግሞ፥ ሰዓቱ ቢሞላም ሳይመታ ጨዋታው አያልቅም።

በሊግ ውድድር አቻ የወጡ አንድ አንድ ነጥብ ይካፈላሉ፤ በቃ። የዋንጫ ፍጻሜ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዋንጫ ለሁለት አይቆረጥማ!

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ግብፅ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። 90 ደቂቃው በዚሁ አለቀ። በደንቡ መሠረት 30 ደቂቃ ተጨመረ። ያኔ ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁም ደገመ። 4 ለ 2! ከ84ኛው ደቂቃ በፊት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ካለ፥ ድሉን የሰማው ከጎረቤቱ ነው።