ሎግቡክ ላይ ከመፈረማችን በፊት



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ላውጋችሁ። አራተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቆሜ በማየት አሳለፍኩ። ሎግቡኬ ግን በየቀኑ ይሞላ ነበር፤ እንዴት እንደሚሞላ መቼም ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ጋሼ የምንላቸው የጥገና ቴክኒሽያን ጠሩኝ። «ይሄ ፓምፕ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ኢምፔለሩን ብንቀይረውም ይቦረቦራል። አንተ ተምረሃልና እስቲ ንገረኝ» አሉኝ።

ፓምፑ ከገንዳው በላይ ተቀምጦ ነው የሚስበው። በመሳቢያው በኩል ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋው ኢምፔለሩ ላይ ሲፈርስ ብረቱን ይበላዋል። ካቪቴሽን ብለን የተማርነው ማለት ነው። ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁና «ችግር የለውም፣ ካቪቴሽን ሊሆን አይችልም» አልኳቸው። ሳቅ ብለው፣ «ደብተርህ ድምፁን ሰምቶታል?» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ። ለካ የተጠቀምኩበት የአየር ግፊት የባሕር ወለል ነው! እዚያ አየሩ 10 ሜትር ያህል ውሃ ይሸከማል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፓምፑን ዝቅ አድርገን ብንተክለው ድምፁ ጠፋ። ቀመሩን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

አሁን ተማሪ የምቀበለው እኔ ሆኛለሁ። ካቻምና አንድ ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ፎቶኮፒ ሲያነሳ ከርሞ ሎግቡኩን አመጣልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ሳላነብ ፈረምኩለት። አመስግኖኝ ሄደ። ምስጋናው እስካሁን ይከነክነኛል።

እዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን እንዲህ እንፈርማለን እኮ! እባካችሁ፣ ለሚመጣላችሁ ልጅ እናንተም ያልፈታችሁትን አንድ ችግር ስጡት፤ አጠገቡም እንደ ጋሼ ያለ ሰው መድቡለት። መምህራኖቻችንም ልጁ ሪፖርቱን ሲያቀርብ «ክፍል ከተማርከው የቱ አልሠራም?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ ሳላነብ አልፈርምም።