ስለ በራሪው የዛፍ ሽኮኮ ጠባይና ሥራ



በሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ በራሪ የዛፍ ሽኮኮ የሚባል ትንሽ እንስሳ አለ። በስም ይመሳሰሉ እንጂ በኢትዮጵያ በዓለት ንቃቃት ከሚኖረው ሽኮኮ ጋራ አይዛመድም፤ ወገኑ ከአይጥ ወገን ነው። ርዝመቱ ከነጅራቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ150 ግራም አያልፍም። ቀን ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል፤ ስለዚህም ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው።

በራሪ መባሉ ክንፍ ኖሮት አይደለም። ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ ጠጕር የለበሰ ስስ ቆዳ አለው። ከዛፍ ጫፍ ዘሎ አራት እግሮቹን በዘረጋ ጊዜ ያ ቆዳ ነፋስ እንደ ነፋው ነጠላ ይወጠርና አየሩ ደግፎ ቍልቍል ይወስደዋል። እንዲህም ሆኖ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከግንድ ላይ ባረፈ ጊዜ ጕጕት እንዳይነጥቀው ፈጥኖ ወደ ግንዱ ጀርባ ይሮጣል።

ቤቱ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ወይም በእርጅና የተቦረቦረ ዛፍ ነው። ብርድ በጸና ጊዜ ብዙዎቹ በአንድ ጎሬ ተጠጋግተው ይሞቃሉ።

ከምግቡም ዋናው በምድር ውስጥ ተሰውሮ የሚበቅል እንጉዳይ ነው። ይህ እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ጋራ ተጣብቆ ውሃና ምግብ ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉም በፋንታው በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ይሰጠዋል። ነገር ግን እንጉዳዩ ከአፈር በታች ነውና ዘሩን ነፋስ አይበትንለትም። ሽኮኮው በማሽተት አግኝቶ ቆፍሮ ይበላዋል፤ እንደ ትቢያ የደቀቀው ዘርም በሆዱ ሳይጠፋ አልፎ ከኵሱ ጋራ በሌላ ስፍራ ይወድቃል። እንግዲህ ዛፉ ሽኮኮውን ያስጠጋል፤ ሽኮኮውም ሳያውቀው የዛፉን ረዳት ይዘራል።

በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ ቀይ ስፕሩስ የሚባለው ጥድ መሳይ ዛፍ ለሳንቃ ብዙ ተቈረጠ፤ የሽኮኮውም ዘር በዚያ አገር እጅግ ተመናመነ። ስለዚህ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ አገባው። ደኑ ተጠብቆ እንደ ገና ስላደገ በ2013 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ። ደንን ለማጥፋት ጥቂት ዓመታት ሲበቁ፣ ለማዳን ግን የሰው ዕድሜ ያህል ጊዜ አስፈለገ።

ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አንድ አሮጌ ዛፍ ወስዶ፣ በጎሬው ማን እንደሚኖር፣ ከሥሩም ማን እንደሚበላ በትዕግሥት እንዲመለከቱ ቢያደርጋቸው መልካም ትምህርት ነው። የተቦረቦረ ዛፍ ለማገዶ ብቻ የቀረ ይመስላል፤ ነገር ግን ባዶ ቤት አይደለምና፣ ምሳር ከመነሣቱ አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።