አውሮፕላን ማረፊያው የሚጀምረው ከመርሳ ነው

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ አካል ጉዳተኛ መንገደኞች በአውሮፕላን ማረፊያዎቻችን የሚገጥማቸው ችግር ነው። ችግሩ ከሕንጻው በር የሚጀምር ይመስለን ይሆናል፤ ለሀብሩ ወረዳ ሰው ግን የሚጀምረው ገና ከመርሳ ከተማ ነው።

ወልድያም ሆነ መርሳ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የላቸውም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር የሚሻ ሰው ወይ በደሴ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወይ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ መጓዝ አለበት። ከወልድያ ቢቆጠር ሁለቱም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው።

የመርሳ ተወላጅ የሆነ፣ በእግሩ የማይቆም አጎቴ ለሕክምና ሲጓዝ አብሬው ነበርሁ። ሚኒባሱ ላይ በክንዳችን ደግፈን አወጣነው፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ ታጥፎ ከጣሪያው ላይ ታሰረ። ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልግ አንድ የማረፊያ ሕንጻ ስንደርስ ሦስት ደረጃዎች ጠበቁን፤ ሁለት ወጣቶች ተሸከሙት። በአውሮፕላኑ መሰላልም ላይ እንዲሁ ሆነ። ከመቀመጫው ካረፈ በኋላ፣ «ልጄ፣ የከፈልሁት እንደ ሰው፣ የተጫንሁት እንደ ዕቃ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እኔ ራሴ በወልድያ ከነደፍኋቸው ሕንጻዎች አንዱ ልክ እንደዚያው ባለ ሦስት ደረጃ ነበርና።

እንግዲህ በሙያችን ቋንቋ እንነጋገር። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሦስቱ ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ተዳፋት 5.4 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይበቃዋል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ወንበሩ የሚዞርበት 1.5 ሜትር ባዶ ወለል ያለው መጸዳጃ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ በንድፍ ጊዜ ከታሰቡ ወጪያቸው ጥቂት ነው። የአውሮፕላኑ ጉዳይ ግን ይለያል። በአገር ውስጥ መስመር የሚበርረው ኪው 400 መሰላሉ ከራሱ በር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በየማረፊያው ተንቀሳቃሽ ራምፕ ወይም ወንበሩን ከነተቀማጩ የሚያነሣ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሕግ አልጎደለንም። ኢትዮጵያ የፈረመችው የቺካጎ ስምምነት 9ኛ አባሪ ለአካል ጉዳተኛ መንገደኞች እርዳታና ምቹ መግቢያ እንዲኖር ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ ለማይወጡ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ጸደቀ። ጉድለቱ ያለው ከእኛ ከነዳፊዎችና ከተቆጣጣሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጉዳዩም ሊቆይ የሚችል አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ጦርነት አካላቸው የጎደለ ሰዎች ለሕክምና ሩቅ መንገድ ይጓዛሉ።

ስለሆነም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የማረፊያ ሕንጻ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት አካል ጉዳተኛ መንገደኞች ይዩት፣ አስተያየትም ይስጡበት። ሁለተኛ፣ የወልድያና የመርሳ መናኸሪያዎች ከማረፊያዎቹ ጋር እንደ አንድ መስመር ይታሰቡ፤ ከመርሳ መነሣት ላልቻለ ሰው የኮምቦልቻ ራምፕ አይጠቅመውምና።

ያንን የወልድያ ሕንጻ ባለቤቱን ለምኜ መወጣጫ አሠርቼለታለሁ። ነገር ግን ቦታ ስላልተረፈ ርዝመቱ 3 ሜትር ብቻ ሆነ፤ ከሚገባው በላይ ቀጥ ያለ ስለሆነ አጎቴ ዛሬም የሚገፋው ሰው ይፈልጋል። በንድፉ ቀን አስቤው ቢሆን ኖሮ ብቻውን ይገባ ነበር።